የካምፐር መኪና የንጹሕ ውሃ መስመር ብልሽቶች፦ ጥያቄና መልስ

በካምፐር መኪና (መኝታና ማብሰያ ባለው የጉዞ መኪና) ውስጥ ውሃ ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚወቀሰው ፓምፑ ነው፤ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎችም ብዙዎቹ የሚያበቁት «አዲስ ፓምፕ ልግዛ ወይ?» በሚል ነው። ችግሩ ከፓምፑ በፊት ይሁን ከፓምፑ በኋላ ሳይለዩ ምንም ዕቃ እንዳይገዙ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ሌሊት ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ሳለ ፓምፑ በየጊዜው ለአፍታ እየተነሣ ይቆማል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ፓምፑን የሚያስነሣው የመስመሩ ግፊት መውረድ ነው። አብዛኞቹ ባለ 12 ቮልት ፓምፖች ግፊቱ ከ3 እስከ 4 ባር ገደማ ሲደርስ በራሳቸው ይቆማሉ፤ ቧንቧ ሳይከፈት እንደገና ከተነሡ ውሃው የሚሸሽበት ቦታ አለ ማለት ነው። ከፓምፑ መውጫ ቀጥሎ መዝጊያ ቫልቭ ካለ ይዝጉትና ያዳምጡ፤ ፓምፑ ዝም ካለ ፍሳሹ ከዚያ ወዲያ ባለው መስመር ላይ ነው፣ መነሣቱን ከቀጠለ ግን ውሃው በፓምፑ ውስጥ ባለው የማይመልስ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሚያግደው) እየሾለከ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። መስመሩን ሲፈትሹ በዓይንዎ ብቻ አይተማመኑ፤ በየመጋጠሚያው ዙሪያ ደረቅ ሶፍት ጠምጥመው ጥቂት ቆይተው ቢነኩት፣ ከመጸዳጃው ጀርባና ከቦይለሩ መግቢያ ላይ የማይታየው እርጥበት ራሱን ያጋልጣል።

ጥያቄ፦ ታንከሩ ውሃ እያለው ፓምፑ ያለማቋረጥ ይሠራል፤ ከቧንቧው ግን አየር ብቻ ይወጣል።

መልስ፦ ይህ ከፓምፑ በፊት ያለ ችግር ሳይሆን አይቀርም። ፓምፑ ከታንከሩ ውሃ በሚስብበት መስመር ላይ ያለ ክፍተት አየር ያስገባል እንጂ ውሃ አያንጠባጥብምና፣ መጋጠሚያው ደረቅ መሆኑ አያዘናጋዎት። ከፓምፑ በፊት ያለውን ማጣሪያ ፈትተው ያጽዱ፤ መልሰው ሲገጥሙ ጎሚኒው በቦታው በትክክል መቀመጡን ይመልከቱ፣ ክዳኑንም በእጅ ብቻ ያጥብቁ።

ጥያቄ፦ ከውጭ የውሃ መስመር ጋር ስገናኝ ታንከሩ በራሱ ሞልቶ ይፈስሳል።

መልስ፦ የታንከር መሙያው ቫልቭ ተዘግቶ ከሆነ፣ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የፓምፑ የማይመልስ ቫልቭ አልያዘም። ከውጭ መስመር ሲገናኙ ሁልጊዜ የግፊት መቀነሻ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ቦይለሩ ይሠራል፤ ውሃው ግን ለብ ከማለት አያልፍም።

መልስ፦ ቀዝቃዛውን ውሃ ቦይለሩን አሳልፎ የሚያቀላቅለው የማለፊያ ቫልቭ በከፊል ክፍት መሆኑን ይመልከቱ። የውጭው ሻወር ሁለቱም ቧንቧዎች ክፍት ሆነው ውሃው በእጀታው ላይ ብቻ ከተዘጋም ሙቁና ቀዝቃዛው ይቀላቀላሉ።

ጥያቄ፦ ሙቅ ውሃው ብቻ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

መልስ፦ በቦይለሩ ውስጥ የተባዙ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት ጋዝ ነው፤ ከዝገት የሚጠብቅ የማግኒዚየም ዘንግ ያላቸው ቦይለሮች ላይ ይብሳል። የመጠጥ ውሃ ማጣሪያውን አውጥተው፣ ለእያንዳንዱ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ሽቶ የሌለው ባለ 5 በመቶ በረኪና ታንከሩ ውስጥ ይጨምሩ። ቦይለሩን አጥፍተው ከቀዘቀዘ በኋላ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ቧንቧ የበረኪናው ሽታ እስኪመጣ ከፍተው ይዝጉ፤ 4 ሰዓት ካቆዩት በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያጥቡት። በረኪናውን ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ አያቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል።