ወተቱን በአንድ ቀን አቆሙ፣ ምርመራውስ?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዳችሁን ከሥራ ስወጣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጭንቀት ይዤ መጣሁ።

የ45 ዓመት ሰው ነኝ፤ ሦስት ልጆች አሉኝ። ቤቴ ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ቢሮዬ አራት ኪሎ። አባቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ሰላሌ ተወልደው ያደጉ ናቸውና ወተት ሲወዱ ለጉድ ነው። ከ4 ዓመት በፊት፣ በ64 ዓመታቸው፣ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘባቸው። ሽንት አልወርድ ሲላቸው “ብርድ ነው” እያሉ ወራት አሳልፈው ነበር። አሁን በየ3 ወሩ መርፌ ይወጋሉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወዲህ ወዲያ ይላሉ።

ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወተት የፕሮስቴት ካንሰር ያመጣል የሚል ነገር በስልኩ አሳየኝ። ቤት እንደገባሁ ለአባቴ ነገርኳቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ባለቤቴ ማታ ማታ የምታሞቅላቸውን ወተት ከነስኒው በመዳፋቸው ገፋ አደረጉና፣ “ታዲያ እኔ በገዛ እጄ ነዋ ራሴን የጎዳሁት” አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልቀመሱም። ምግብም ቀንሰዋል።

እኔም በማግስቱ ማኪያቶ አቆምኩ። በቀን ሦስት እጠጣ ነበር። የላስቲክ ወተት ቤት አይግባ ብዬ ከባለቤቴ ጋር ተጋጨን። ሁለቱ ልጆቼ ወንዶች ናቸው፣ ለእነሱም ፈራሁ። የ41 ዓመት ታናሽ ወንድሜ “አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ” ይለኛል። እኔ እስካሁን ምንም ስለማይሰማኝ አልተመረመርኩም። እውነት ወተቱ ነው?

ከፒያሳ

*

ውድ ወንድማችን፣

ከአባትዎ ልጀምር። ያቺ የገፏት ስኒ ከልቤ አልወጣ አለችኝ። የአንድን ሰው ካንሰር “ይሄን ያመጣው ወተት ነው” ብሎ ሊናገር የሚችል ሐኪም የለም። ይህንን ዛሬውኑ፣ ማታ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይንገሯቸው። ካንሰሩ ሳያንስ ጸጸት ሊጨመርባቸው አይገባም።

ባልደረባዎ ያሳየዎት ነገር ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት አለ። በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ ከ28 ሺህ በላይ አድቬንቲስት ወንዶችን ለዓመታት ተከታትሏል። እነዚህ ምዕመናን ለንጽጽር ይመቻሉ፤ ወተት በአፉ የማይዞርም፣ በየቀኑ የሚጠጣም በመካከላቸው አለ። በቀን 430 ግራም ያህል ወተትና የወተት ውጤት የሚወስዱት፣ 20 ግራም ብቻ ከሚወስዱት ጋር ሲተያዩ፣ ስጋታቸው 25 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 32 ጥናቶች ባንድ ላይ ተመዝነው ነበር። እዚያ በቀን ለእያንዳንዱ 400 ግራም የተገኘው ጭማሪ 7 በመቶ ነው።

25 በመቶ ሲባል ያስደነግጣል። እስቲ እንዘርዝረው። አሜሪካ ውስጥ ከ8 ወንዶች አንዱ በዕድሜ ዘመኑ ይህ ካንሰር ይገኝበታል። ከመቶው 12 ያህሉ ማለት ነው። በዚያ ላይ 25 በመቶ ሲጨመር 12ቱ 15 ይሆናሉ እንጂ 37 አይሆኑም። ደግሞም እነዚህ ጥናቶች የሰዎችን አኗኗር ከሩቅ የሚመለከቱ ናቸው። ወተት የሚያበዛ ሰው በሌላም ነገር ከማይጠጣው ሊለይ ይችላል።

ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል ለሚለው፣ ወተት የሚያዘወትር ሰው ደም ውስጥ አይጂኤፍ-1 የሚባል ሴሎች እንዲባዙ የሚገፋፋ ንጥረ ነገር ከፍ ይላል። ከመጠን ያለፈ ካልሲየምም ይጠረጠራል። ሆኖም በዚያው በ2022ቱ ጥናት ከወተት ውጭ ከሚገኝ ካልሲየም ጋር ግንኙነት አልታየም። ስለዚህ ካልሲየም አለበት ብለው እንጀራዎን አይጠራጠሩት። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ፈንድ ማስረጃውን መዝኖ “ውስን፣ ግን ጠቋሚ” ነው ያለው። ይኸው ተቋም ወተት የትልቁን አንጀት ካንሰር ስጋት እንደሚቀንስ ጠንካራ ማስረጃ አለ ይላል። እሱ ደግሞ በአገራችን ወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች አንዱ ነው።

ሦስቱ ማኪያቶ? ብርጭቆዋን ያውቋታል፣ ትንሽ ናት። የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀን፣ ፍልሰታን ይቀንሱ። የዓመቱ አማካይ ከዚያ 430 ግራም በብዙ ያንሳል። ወደ አንድ ወይም ሁለት ቢያወርዱት አልቃወምም። የልጆቹን ወተት ግን ይመልሱ። ባለቤትዎ ትክክል ናቸው። ጥናቶቹ የተሠሩት በጎልማሶች ላይ ነው፣ ልጆች ደግሞ አጥንት እየገነቡ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ስጋት እንምጣ። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ስጋቱ ከሌላው እጥፍ ያህል ነው። ወተቱን በአንድ ቀን አቆሙት፤ ምርመራውን ግን እስካሁን አላደረጉትም። ይሄ ነው ያሳሰበኝ። “ምንም አይሰማኝም” ማለትዎ አያጽናናኝም። ይህ ካንሰር ሲጀምር አያምም፣ ሽንትም አይከለክልም። ወንዶች ስለ ሽንት ማውራት ነውር ይመስለናል፤ ብርድ ነው፣ ድካም ነው እያልን ቀኑን እንገፋለን። አባትዎን ወራት ያስበላቸው ይኸው ነው።

የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር አባቱ 65 ዓመት ሳይሞላቸው የታመሙበት ሰው በ45 ዓመቱ ከሐኪም ጋር ስለ ምርመራው እንዲነጋገር ይመክራል። የእርስዎ ዕድሜ ማለት ነው። ምርመራው ፒኤስኤ ይባላል፤ ፕሮስቴት የሚያመነጨው ፕሮቲን በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ ይለካል። ከክንድ ደም መስጠት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት 2 ቀን ከግንኙነት ይቆጠቡ፣ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከፍ ብሎ ቢመጣም ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ኢንፌክሽንም፣ በዕድሜ የሚመጣ የፕሮስቴት እብጠትም ያደርገዋል። ዝቅ ብሎ ከመጣ ደግሞ በየስንት ጊዜው እንደሚደግሙት ሐኪሙ ይነግርዎታል።

ስለ አባትዎ አንድ ነገር ልጨምር። ለዚህ ካንሰር የሚሰጠው ሆርሞን የሚቀንስ መርፌ አጥንት ያሳሳል። እሳቸው የሚወጉት እሱ ከሆነ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሊጎድልባቸው አይገባም። በቀን ምን ያህል ወተት ይበቃቸዋል የሚለውን ሐኪማቸው ይወስን፤ እስከዚያው ጎመኑም ይረዳል። ምግብ መቀነሳቸውንም ሳይደብቁ ይንገሩት።

የሚቀጥለው የመርፌ ቀናቸው መቼ ነው? ያን ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስደው አብረዋቸው ይሂዱ፣ እግረ መንገድዎንም ስለራስዎ ሐኪሙን ያነጋግሩ። “ታበዛለህ” የሚለውን ታናሽ ወንድምዎንም ይዘውት ይሂዱ። የእሱም አባት ናቸው።