የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኮምፓሱና ስኳድራው ወዴት ይዞራሉ?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ ስለ ፍሪሜሰኖች (የግንበኛ መሣሪያዎችን መለያው ያደረገ የወንድማማቾች ማኅበር አባላት) ምልክት የሚጠይቁ ስለሆኑ አንድ ላይ አስተናግደናቸዋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ኮረብታው ላይ ካለው የጆርጅ ዋሽንግተን ፍሪሜሰናዊ መታሰቢያ ፊት ለፊት፣ ሣሩ ላይ ትልቅ የክብ መሥሪያ ኮምፓስና የማዕዘን መለኪያ ተሠርቷል። ሌላ ቦታ ባየሁት ሥዕል ግን የኮምፓሱ አንድ እግር ከመለኪያው ሥር ገብቷል። የሠዓሊው ስህተት ነው?

መልስ፦ ስህተት ላይሆን ይችላል። መለኪያው የእኛ ግንበኞችና አናጢዎች «ስኳድራ» የሚሉት ነው። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ ጣሊያኖች ይህንኑ ምልክት «ስኳድራ ኤ ኮምፓሶ» ብለው ይጠሩታል። በተለመደው አቀማመጥ የስኳድራው ማዕዘን ወደ ታች፣ ክንዶቹ ወደ ላይ ናቸው። ኮምፓሱ ደግሞ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ እግሮቹን ወደ ታች ይከፍታል። እንዲህ ሲቀመጡ የሚደራረቡት በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ በግራና በቀኝ። ስለዚህ የኮምፓሱን ራስ ትተው እነዚህን ሁለት መሻገሪያዎች ይመልከቱ።

በሎጅ፣ ማለትም አባላቱ በሚሰበሰቡበት ቤት ውስጥ፣ ሁለቱ መሣሪያዎች በተከፈተ ቅዱስ መጽሐፍ ላይ ይጋደማሉ፤ አደራረባቸውም በዚያን ሰዓት የትኛው ማዕረግ እየተሠራ እንደሆነ ያሳያል። ለጀማሪው ማዕረግ ሁለቱም የኮምፓስ እግሮች ከስኳድራው ሥር ናቸው። ለሁለተኛው፣ ለባልደረባው፣ አንዱ እግር ወደ ላይ ይወጣል። ለሦስተኛው፣ ለማስተሩ፣ ሁለቱም ከላይ ይሆናሉ። እርስዎ ያዩት የሁለተኛው ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ቀለበት ሠሪና አታሚ ይህን ሳያውቅ፣ ለማማር ብቻ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ያጠላልፋል። ዕቃው ከሱቅ የተገዛ ጌጥ ከሆነ ከጥልፉ ብዙ ባይጠብቁ ይሻላል።

ትርጉሙ ግን በየአገሩ ይለያያል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ የግብረ ገብ ትምህርት ያደርጉታል፦ ስኳድራው ሥራህን ቀጥ አድርግ፣ ኮምፓሱ ምኞትህን ወሰን አብጅለት ማለት ነው። በፈረንሳይና በአካባቢዋ ስኳድራው ቁስን ወይም ምድርን፣ ኮምፓሱ መንፈስን ወይም ሰማይን ይወክላል፤ ከማዕረግ ወደ ማዕረግ እግሮቹ ወደ ላይ መውጣታቸውም መንፈስ በቁስ ላይ መሠልጠኑን ያሳያል ይላሉ። ይህ ሐሳብ የእነሱ ብቻ አይደለም። በቻይና ሻንዶንግ፣ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሠራው የዉ ሊያንግ መካነ መቃብር የድንጋይ ቅርጽ ላይ የቻይና አፈ ታሪክ ጥንዶች ፉሺና ኑዋ፣ እሱ ስኳድራ፣ እሷ ኮምፓስ ይዘው ይታያሉ፤ ቻይናውያን እስከ ዛሬ «ሥርዓት» ለማለት «ኮምፓስና ስኳድራ» የሚል ቃል ይጠቀማሉ። ከፍሪሜሰን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ሰማይ ክብ፣ ምድር አራት ማዕዘን ከሚለው ጥንታዊ እምነት የመጣ ነው።

የስኳድራውን ክንዶችም ቢለኩ አይከፋም። በፈረንሳይ የሎጁ መሪ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ስኳድራ ክንዶቹ እኩል አይደሉም፤ 3 ለ4 ናቸው። ምክንያቱን ግንበኛ ወዲያው ይገባዋል፦ በአንዱ ጎን 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው 80 ለክቶ ምልክት ካደረገ በኋላ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 100 ከመጣ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። ከ100 ከበለጠ ማዕዘኑ ሰፍቷል፣ ካነሰ ጠቧል። የእንግሊዙ ታላቅ ሎጅ (የአገሩን ሎጆች የሚያስተዳድረው አካል) ዋና መሪ ጌጥ ደግሞ ስኳድራ የለውም፤ በ45 ዲግሪ የተከፈተ ኮምፓስ ሲሆን እግሮቹ ላይ የክብ ቅስት፣ ውስጡ ዓይን ያለበት ሦስት ማዕዘን አለው። አሜሪካ ውስጥ ቅስትና ፀሐይ ያለበት ኮምፓስ ካዩ የቀድሞ የሎጅ መሪ ምልክት ነው።

ጥያቄ፦ በኮምፓሱና በስኳድራው መሀል ያለው «ጂ» (G) የሚለው ፊደል ምንድን ነው? ለንደን ያየሁት ላይ የለም።

መልስ፦ አሜሪካና ካናዳ «ጂ» አይቀርም፤ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና አየርላንድ ግን ምልክቱን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፊደል ይሠሩታል። ፊደሉ የእግዚአብሔር የእንግሊዝኛ ስምና የጂኦሜትሪ መነሻ ነው። በፈረንሳይኛ የፈጣሪ ስም በዚህ ፊደል ስለማይጀምር ጂኦሜትሪው ይቀድማል፤ ሌሎች ቃላትም ይጨምሩበታል፣ ፊደሉንም ብዙ ጊዜ በሚነድ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ውስጥ ያስቀምጡታል። የፈረንሳይ ታላቁ ኦሪየንት የሚባለው የፍሪሜሰኖች ድርጅት በ1877 በእግዚአብሔር የማመንን ግዴታ ከሕጉ አውጥቷል። እንግሊዞቹ ከእሱ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ያቋረጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ በ1929 ባወጡት መሠረታዊ መርሕም ቅዱሱ መጽሐፍ፣ ስኳድራውና ኮምፓሱ ሎጁ በተከፈተ ቁጥር መታየት አለባቸው ብለዋል። በ1953 የተመሠረተው የእስራኤል ታላቅ ሎጅ ማኅተም መስቀልን፣ ጨረቃንና የዳዊትን ኮከብ ያጣምራል። በስዊድን አባል ለመሆን ክርስቲያን መሆን ግድ ነው፤ የማኅበሩም መለያ ቀይ መስቀል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ጂ»ው በመስታወት እንደሚታይ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ካዩ ምሥጢር አይፈልጉ። ከውጭ መለጠፍ ያለበት ስቲከር በመኪናው መስታወት ከውስጥ በኩል ተለጥፎ ነው።

ጥያቄ፦ መኪና ላይ አንድ ጫፉ ወደ ታች የዞረ፣ ባለ አምስት ቀለም ኮከብ አየሁ። የሰይጣን አይደለም?

መልስ፦ የምሥራቅ ኮከብ የሚባለው ማኅበር ነው። አሜሪካዊው ሮብ ሞሪስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያቋቋመው ሲሆን የፍሪሜሰኖችን ሴት ዘመዶችና ማስተሮቹን ራሳቸውን በአባልነት ይቀበላል። አምስቱ ጫፎች አምስት ሴቶች ናቸው፦ የዮፍታሔ ልጅ በሰማያዊ፣ ሩት በቢጫ፣ አስቴር በነጭ፣ ማርታ በአረንጓዴ፣ በዮሐንስ ሁለተኛ መልእክት ላይ የተጠቀሰችው የተመረጠች እመቤት በቀይ። ወደ ታች የዞረው ነጩ ነው። አባላቱ «ኮከቡን በምሥራቅ አይተን» ከሚለው ከማቴዎስ ወንጌል ጋር ያያይዙታል፤ ጫፉ የሚያመለክተው ግርግሙን ነው ይላሉ።

የተገለበጠ ኮከብ ክፉ ነው የሚለውን ያስፋፋው በ1850ዎቹ ስለ አስማት የጻፈው ፈረንሳዊ ኤሊፋስ ሌቪ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሰዎች ግድ አልነበራቸውም፤ በፈረንሳይ የአሚየን ካቴድራል የሰሜን ክብ መስኮት እንዲህ ያለ ኮከብ አለው። የአሜሪካ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይም ኮከቡ አንድ ጫፉን ወደ ታች ያደረገ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ዶላር ኖት ላይ ያለው ዓይንስ የፍሪሜሰኖች ነው?

መልስ፦ ዓይኑ በኖቱ ላይ ወደታተመው የአሜሪካ ማኅተም የገባው በ1782 ነው፤ በአሜሪካ የፍሪሜሰኖች መማሪያ ላይ የታየው ደግሞ በ1797 ነው። ከዚያ በፊት የአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ነበር። ኮምፓስም ስኳድራም አጠገቡ የለም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የብር ቀለበት ገዝቼ ምልክቱ እንዳለበት ኋላ አየሁ። አባል አይደለሁም። በየት በኩል ነው የሚደረገው? ባደርገውስ?

መልስ፦ አባላቱ ራሳቸው አልተስማሙም። ገሚሱ የኮምፓሱን እግሮች ወደ ራሱ ያዞራል፤ ምልክቱ ለባለቤቱ ማስታወሻ ነውና እሱ ቀና አድርጎ ይየው በሚል። ሌላው ወደ ጣቱ ጫፍ ያዞራል፤ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ቀና አድርጎ እንዲያየው። ሁሉንም የሚያስገድድ ሕግ የለም።

እርስዎ ግን ባያደርጉት ይመረጣል። በአንዳንድ የአሜሪካ ስቴቶች አባል ሳይሆኑ የማኅበር ምልክት ማድረግ በሕግ ያስጠይቃል። ሕጉ ባይኖርም አባል ነዎት ብሎ ያሰበ ሰው ቀርቦ የማያውቁትን ነገር ይጠይቅዎታል። ምልክቱ ለብቻው ተሠርቶ የተበየደ ከሆነ ብር ሠሪ በቀላሉ ያነሳዋል። ከቀለበቱ ጋር አብሮ የቀለጠ ወይም የተቀረጸ ከሆነ ግን መሞረድ ፊቱን ያሳሳዋል፤ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ሳያስሞርዱ ለብሩ ዋጋ ይሽጡት።