ከባዮሎጂ ዲግሪ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት፦ በአሜሪካ ለሚማሩ ልጆቻችንና ለወላጆቻቸው የተሰጡ መልሶች

በሜሪላንድ ባዮሎጂ አጥንቼ ሕክምና ትምህርት ቤት የገባሁት ለሁለተኛ ጊዜ አመልክቼ ነው፤ አሁን በውስጥ ደዌ ሕክምና ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት (ከምረቃ በኋላ በሆስፒታል እየሠራ የሚሠለጥን ሐኪም) ነኝ። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች በደረሱኝ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት)፦ ልጄ ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት አጠናቃለች። አገር ቤት ቢሆን ኖሮ በቀጥታ ሕክምና ትገባ ነበር፤ እዚህ ግን መጀመሪያ አራት ዓመት ባዮሎጂ መማር አለብሽ ብለዋታል። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው፣ እናቴ። በአሜሪካ ሕክምና በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ የሚጀመር የአራት ዓመት ትምህርት ሲሆን፣ ከምረቃ በኋላም እንደ ዘርፉ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሚወስድ ሬዚደንሲ ይከተላል። በባዮሎጂ መመረቅ ግን ግዴታ አይደለም። ልጅዎ ታሪክ ወይም ኢኮኖሚክስ ብታጠና እንኳ፣ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቋቸውን ኮርሶች፣ ማለትም ባዮሎጂ፣ አጠቃላይ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከነቤተ ሙከራቸው፣ እንዲሁም ባዮኬሚስትሪን እስከወሰደች ድረስ ማመልከት ትችላለች። ሕክምናው ሳይሳካ ቢቀር በባዮሎጂ ዲግሪ ብቻ ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ የምትወደው ሌላ ትምህርት ካላት አይከልክሏት።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ፓርኪንግ እየሠራሁ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ 60 ክሬዲት በ2.9 ጨረስኩ። ሥራ ቀንሼ ዩኒቨርሲቲ ከተዛወርኩ ወዲህ ውጤቴ 3.8 ነው። የቀድሞው ይሰረዝልኛል?

መልስ፦ አይሰረዝም፣ ወንድሜ። አብዛኞቹ የኤም.ዲ. (የተለመደው የሐኪም ዲግሪ) ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ፣ አምካስ፣ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ የወሰድከውን እያንዳንዱን ኮርስ ይቆጥራል፤ የደገምከው ኮርስ ቢኖር ሁለቱም ውጤቶች ይገባሉ። በዲ.ኦ. (ሌላው የሐኪም ዲግሪ፣ የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና) ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ አዲሱ ውጤት አሮጌውን ይተካ ነበር፤ እሱም ከ2017 ወዲህ ቀርቷል።

እስቲ እናስላው። በዩኒቨርሲቲው 60 ክሬዲት በ3.8 ብትጨርስ አማካይህ 3.35 ይሆናል፤ ከምረቃ በኋላ 30 ክሬዲት የሳይንስ ኮርስ በ3.9 ብትጨምር 3.46 ይደርሳል። ኤም.ዲ. የሚገቡ ተማሪዎች አማካይ ለ3.8 የቀረበ ስለሆነ ቁጥሩ ያንስሃል። ሆኖም ማመልከቻህን የሚያነቡት ሰዎች ውጤትህን በየዓመቱ ተከፋፍሎ፣ ከምረቃ በኋላ የተወሰደውም ለብቻው ተለይቶ ስለሚያገኙት፣ ሥራው የቀነሰልህ ጊዜና ውጤትህ የተነሣበት ጊዜ መገጣጠሙን በግልጽ ያያሉ። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ማመልከት አለብኝ ብለህ አትቸኩል። በአንተ ቦታ ብሆን ዓመት ጠብቄ ተጨማሪዎቹን ኮርሶች ወስጄ፣ ዲ.ኦ. ትምህርት ቤቶችንም ጨምሬ አመለክት ነበር።

ጥያቄ፦ ቅዳሜና እሑድ በነርሲንግ ሆም የነርስ ረዳት ሆኜ አረጋውያንን አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ጓደኞቼ ምርምር ላይ ናቸው። ይህን ማመልከቻዬ ላይ ብጽፍ ያሳንሰኛል?

መልስ፦ በፍጹም፣ እህቴ። ምርምሩ ይጠቅማል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሕመምተኛን በቅርብ አይቶ ሙያውን እንደመረጠ የሚያሳየው እንዲህ ያለው ሥራ ነው። (በማኅበረሰባችን ይህን ሥራ የሚደብቁ ብዙ ልጆች አውቃለሁ፤ ይገርመኛል።) አምካስ እስከ 15 ሥራዎች ለመዘርዘርና ሦስቱን ለይቶ በሰፊው ለማብራራት ቦታ ይሰጣል። ያንቺ ሥራ ከሦስቱ አንዱ ይሁን። ስትጽፊም «ርኅራኄን ተማርኩ» ከማለት፣ ምግብ እምቢ ያሉትን አዛውንት እንዴት እንዳባበልሽ ወይም የአልጋ ቁስል ሲጀምር አይተሽ ለነርሷ እንዴት እንደነገርሽ፣ የሰውዬውን ማንነት ሳትገልጪ፣ ጻፊ። ዘመዶችሽን ሐኪም ቤት ወስደሽ ማስተርጎምሽም ይጻፋል፤ ግን ያለ ሥልጠና ማስተርጎም ስሕተት ሊያመጣ እንደሚችል መገንዘብሽ ይታይ።

ጥያቄ፦ ኤምካትን (የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውን) መቼ ልፈተን? ስንት ይበቃል?

መልስ፦ ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ሲሆን፣ ኤም.ዲ. የሚገቡት አማካይ ወደ 512 ይጠጋል። እኔን ያስቸገረኝ ሳይንሱ ሳይሆን የምንባቡ ክፍል ነበር፤ ዘጠኝ ምንባቦች፣ 53 ጥያቄዎች፣ 90 ደቂቃ። ይህ በሁለት ወር ክለሳ ስለማይሻሻል፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሥነ ጥበብና ስለ ታሪክ የተጻፉ ረጃጅም ጽሑፎችን አንብብ። አምካስ በሜይ ይከፈታል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ማመልከቻ በደረሳቸው ቁጥር እያዩ ስለሚጠሩ ቀድሞ ያስገባ ይጠቀማል። እኔ መጀመሪያ ያስገባሁት ሴፕቴምበር ላይ ነበር፤ ለአንድ ቃለ መጠይቅ እንኳ አልተጠራሁም። ስለዚህ ኤምካቱ እስከ ኤፕሪል ቢያልቅልህ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም። ማመልከት እችላለሁ?

መልስ፦ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ይቀበላሉ፤ የፌዴራል ብድር ግን በዚህ ሁኔታ አይሰጥም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በብድሩ ከዜጋ እኩል ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘቡስ?

መልስ፦ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ የሆነ የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው፤ ቀድሞ ቀሪውን ይሸፍን የነበረው ብድር ለአዲሶች ቀርቷል። ስለዚህ የመኖሪያ ስቴታችሁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ካለው ከዝርዝራችሁ አናት አድርጉት። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ የኤምካትን ክፍያ የሚቀንስና እስከ 20 ትምህርት ቤቶች በነፃ ለማመልከት የሚያስችል ድጋፍ አለ፤ የተከፈለ ገንዘብ ስለማይመለስ ለፈተናው ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።