መልስ፦ «ዲስክህ ደርቋል» ከተባልኩ ኦፕራሲዮን ግድ ነው ወይ ላልከው ወገብህን ለሚያምህ የሚኒባስ ሹፌር

ግድ አይደለም። ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) ላይ ኤል 4 እና ኤል 5 በሚባሉት የታችኛው ወገብ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ፣ ማለትም እንደ ትራስ የሚያገለግለው ለስላሳ አካል፣ ደርቋል ስለተባለ ብቻ ማንም አይቀድህም። ከ40 ዓመት በኋላ ምንም የማያማቸው ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሱም ብዙዎቹ ላይ ይኸው ይታያል። ዋናው የእግርህ ምርመራ ነው፦ ጥንካሬው፣ ስሜቱ፣ በጀርባህ ተኝተህ ቀጥ ተደርጎ ሲነሳ ሕመሙ ወደ ታች መውረድ አለመውረዱ።

እንዳልከው እግርህ ካልዛለ ፊዚዮቴራፒ ጀምር። ተኝቶ መክረም ያብስብሃል፤ በእግርህ ተንቀሳቀስ። ሚኒባሱን መንዳት መተው ካልቻልክ ኮምቦልቻ ስትደርስ ውረድና ተራህ እስኪደርስ ወዲያ ወዲህ በል። ወንበሩንም ወደ መሪው አስጠጋ፤ ፍሬን ስትረግጥ ወገብህ ከመደገፊያው መነሳት የለበትም። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ልዩነቱን ታየዋለህ።

አንድ ነገር ግን፦ እዚህ ደሴ ወገቡን ያመመው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወጌሻ ጋ ነው። ቀስ ብሎ ማሸቱስ ይሁን፤ መጠምዘዙና ጀርባ ማስረገጡ ይቅርብህ። ሽንት እምቢ ካለህ ወይም ካመለጠህ፣ መቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘህ፣ ወይም እግርህ ከከዳህ ደግሞ ቀጠሮ ብለህ አትጠብቅ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ግባ።