ስልካቸውን ኪሳቸው ያስከተትኳቸው አባት

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ፎቶ አንሺ «ጋሼ፣ የአዲስ አበባን ድሮና ዘንድሮ በአንድ ፎቶ ለማሳየት የት ብቆም ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ሁለት ሰፈር ጠቅሼላት ተለያየን፤ ማታ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ፤ እኔም ይህንኑ ስፈልግ አንድ ሰው በድያለሁና።

ጥቅምት 17 ቀን 2008 ዓ.ም. የእስጢፋኖስ ዓመታዊ በዓል ነበር። ቀላል ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ገና አምስት ሳምንት ገደማው ስለ ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ መስቀል አደባባይ ወረድ ብዬ ቆሜ፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብና በድልድዩ ላይ የሚያልፈው ባቡር የሚገጣጠሙበትን ቅጽበት እጠባበቅ ነበር። ሕዝቡ አንግሦ ሲመለስ ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ አንድ አዛውንት ከፊቴ ቆሙ። መልካቸው፣ አቋቋማቸው፣ የጥቅምት ብርሃን በጋቢያቸው ላይ ማረፉ፣ ሁሉም የተመኘሁት ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ አልጣመኝም፤ ሞባይል ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እየሳቁ ያወሩ ነበር። ቀረብ ብዬ «አባቴ፣ ለአንድ አፍታ ስልኩን ኪስዎ ቢያደርጉልኝ» አልኳቸው። «ልጄ ናት፣ ከቤይሩት እንኳን አደረሰህ ልትለኝ ነው» አሉኝና፣ እሷን ደኅና ሁኚ ብለው፣ እንዳልኳቸው አደረጉ። ባቡሩ መጣ፤ አነሳሁ። «ለልጄ ትላክላት ይሆን?» ሲሉኝ እሺ አልኩ፤ ስልክ ቁጥራቸውን ግን አልተቀበልኩም። በዓመቱ በዚያው ቀን ሄጄ ብፈልጋቸው አላገኘኋቸውም። ፎቶዋን «ድሮና ዘንድሮ» ብዬ ለዕይታ አቀረብኳት፣ ብዙም ተመሰገንኩባት።

በወጣትነቴ የተቀጠርኩበት የፒያሳ ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ ኮትና ከረባት ተሰቅሎ ይውል ነበር። ከገጠር የመጣ ደንበኛ ጋቢውን አውልቆ ያንን ለብሶ ይነሳ ነበር፤ ሲወጣም ደስ ብሎት ነበር የሚወጣው። እሱ መምሰል የፈለገውን ራሱ መርጧል። እኒያን አባት ግን የድሮ ሰው ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ጋቢውንም ስልኩንም፣ ታቦቱንም የቤይሩቷን ልጅ ድምፅም በአንድ ጠዋት ይዘው ነበር የቆሙት።

ስለዚህ እናንተ ወጣት ፎቶ አንሺዎች፣ የምታነሱትን ሰው እንዲህ ሁን፣ ያንን ደብቅ አትበሉ። አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ይህን ስል ግን ከሥራዎቼ አብልጬ የምወዳቸው ሳላስፈቅድ ያነሳኋቸው መሆናቸውን መደበቅ አልችልም፣ እስካሁንም ሁለቱን አላስታረቅኳቸውም። ስለ ሌንስና ስለ ብርሃን አልጽፍላችሁም፤ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የሚያሳዝነኝ ችኮላችሁ ነው፤ በአንድ ጠዋት አራት መቶ ፎቶ አንስቶ የአንድም ሰው ስም ሳይጠይቁ መመለስ ምን ይባላል? እኛ 36 ፎቶ ብቻ የሚያነሳ አንድ ጥቅል ፊልም ይዘን ስንወጣ እያንዳንዷ ታስጨንቀን ነበር።

ቀንና ቦታም ጻፉ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡሩ ግንባታ ሲባል በ2005 ተነስቶ በ2008 ስለ ተመለሰ፣ በዚያ አካባቢ ባነሳኋቸው ፎቶዎች ላይ ሐውልቱን ሳጣው ዘመኑን እለያለሁ። በ2016 ለፈረሱት የፒያሳ ቤቶች ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለኝም፤ በረንዳው ይታየኛል፣ በሩ ላይ የቆመችው ሴት ትታየኛለች፣ የየትኛው መንገድ ቤት እንደ ነበር ግን ማወቅ አቅቶኛል።

ከዚያች ከተመሰገንኩባት ፎቶ በፊት፣ አዛውንቱን ሳላናግራቸው ያነሳኋት አንዲት አለች። ባቡር የለባትም፣ ትንሽም ደብዝዛለች፤ ሞባይሉ ጆሯቸው ላይ ነው፣ ዓይናቸው በሳቅ ተጨፍኗል። ዘንድሮ አሳጥቤ ከጠረጴዛዬ በላይ የሰቀልኩት እሷን ነው።