የምትሸሸው አይጥና ሌሎች ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ቤት ውስጥ ስለሚያድጉ ለማዳ አይጦች ናቸው። ደስ ብሎኛል። ከ20 እስከ 40 ግራም ለምትመዝን እንስሳ ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። በቀጥታ ወደ ጥያቄዎቹ።

አይጥ እውነት አይብ ትወዳለች?

ቢሰጧት ትቀምሳለች፤ ካስመረጧት ግን እህልና ዘር ይበልጥባታል።

ሁለት አምጥተን አሥራ አንድ ሆኑ

አንድ አባት፣ ሻጩ «ሁለቱም ሴቶች ናቸው» ብሎ እንደሰጣቸው ይነግሩኛል። ወር ሳይሞላ አንደኛዋ ዘጠኝ ወለደች። የጠየቁኝ ግን ስለ ዘጠኙ አይደለም። «እያጠባች ስለሆነ ለጊዜው አታረግዝም፤ ወንዱ አብሯት ቢቆይ ምን ችግር አለው?» ነው የሚሉት።

ታረግዛለች! አይጥ በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ልትጸንስ ትችላለች። እርግዝናው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ19 እስከ 21 ቀን ነው። ይህን ሲያነቡ ሁለተኛው ዙር ተጀምሮ ሊሆን ይችላል። ወንዱን ዛሬ ማታ ይለዩት፤ ነገ አይበሉ። ከልጆቹም ወንዶቹ አራት ሳምንት ሲሞላቸው ከእናታቸውና ከእህቶቻቸው መለየት አለባቸው፤ በአምስትና በስድስት ሳምንታቸው ለመውለድ ይደርሳሉና። ጾታቸውን ለማወቅ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዩዋቸው። በሽንት መውጫውና በፊንጢጣው መካከል ያለው ርቀት በወንዱ ሰፋ ይላል። ካልታየዎት የእንስሳት ሐኪም ወዲያው ይለይልዎታል።

ሴቶቹ አብረው መኖር ይችላሉ። ወንዶች ግን ሲያድጉ ይጣላሉ፤ ወንድማማች መሆናቸውም ዋስትና አይሆንም። «ልጆቻችን መውለድን ይዩ» ብለው ሆን ብለው የሚያዋልዱ አንባቢዎችም አሉ። እባካችሁ ተዉት። ለሚወለዱት ሁሉ ቤት ሳታገኙ አትጀምሩት።

መሮጫው እንቅልፍ ነሳን

ባልና ሚስት ናቸው የጻፉት። አይጦቹ የሚሮጡበት መንኮራኩር ሌሊቱን ሙሉ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል፤ ማታ ማታ ቢያወጡትስ? አያውጡት። አይጥ ቀን ተኝታ ሌሊት የምትንቀሳቀስ እንስሳ ናት፤ መሮጫው የሚያስፈልጋት ያኔ ነው። መሽከርከሪያው ላይ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ያድርጉ፤ ኬጁንም ከመኝታ ክፍል ያውጡት። መንኮራኩሩ የሽቦ መወጣጫ ያለው ከሆነ ግን ቀይሩት፤ እግርና ጅራት ይቀረቀርበታል። ወለሉ ድፍን፣ ስትሮጥ ጀርባዋ የማይጎብጥበት ሰፊ መሆን አለበት።

«አትወደኝም»

ይህኛውን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያለቻቸው እናት ናቸው። ልጅቷ ለምና ለምና አንዲት አይጥ ተገዛላት። እጇን ወደ ውስጥ ባስገባች ቁጥር አይጧ ሸሽታ ትደበቃለች። ልጅቷ ሻጩ እንዳሳያት በጅራቷ ታነሳታለች። አይጧ እጇ ላይ ትሸናለች፣ ኩሷንም ትጥላለች። አሁን ልጅቷ «አትወደኝም» ብላ ወደ ኬጁ መቅረብ ትታለች። እናትየው የሚጠይቁኝ ለማዳ በሆነች ሌላ አይጥ ይቀይሯት እንደሆነ ነው።

አይቀይሯት። የሚቀየረው አያያዙ ነው።

ነገሩን ከአይጧ በኩል ይዩት። ድመትም ጭልፊትም የሚመጡባት ከላይ ነው። የሰው እጅም ከላይ ይመጣል፣ ጅራቷን ይይዛል፣ አየር ላይ ያንጠለጥላታል። የምትሸናው ከፍርሃት ነው። በዚያ ላይ የጅራት ቆዳ ስስ ነው፤ ጫፉን ይዘው ሲጎትቱት ሊገፈፍ ይችላል።

ይህ የእኔ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ጄን ኸርስትና ሬቤካ ዌስት የተባሉ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነው አሳትመዋል። በጅራታቸው የሚነሱ አይጦች እጅን ይሸሻሉ፣ ጭንቀታቸውም ይበዛል። በቱቦ ውስጥ እንዳሉ ወይም በእፍኝ የሚነሱት ግን በራሳቸው ፈቃድ ወደ እጅ ይቀርባሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ጅራት መያዝን ትተዋል። ቤተ ሙከራ የተወውን ነገር አንዲት ልጅ ቤቷ ውስጥ የምታደርግበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ከሶፍት ጥቅል መሃል የሚገኘውን ካርቶን ኬጁ ውስጥ ያስቀምጡና ለጥቂት ቀናት አይንኩት። የራሷን ጠረን ይይዛል፤ ትገባበታለች፣ ትተኛበታለች። ከዚያ ልጅቷ አይጧ ውስጡ ስትገባ ጠብቃ፣ ሁለቱን አፎች በመዳፎቿ ጋረድ አድርጋ ካርቶኑን ታንሳው። መጀመሪያ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ፤ ከዚያ መልሳ ታስቀምጣት። ይህ ሲለመድ መዳፏን ገልብጣ ወለሉ ላይ ትዘርጋ፣ አንድ ሁለት የሱፍ ፍሬ ታኑርበት፣ ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቅ። እጁ አይጧን መከተል የለበትም፤ አይጧ ናት ወደ እጁ የምትመጣው። ሰዓቱ ምሽት ይሁን። የተኛችን አይጥ ቀስቅሶ ማላመድ አይቻልም። ልጅቷ መሬት ላይ ትቀመጥ፤ አይጧ ከእጇ ብትዘል የምትወድቅበት ከፍታ አነስተኛ እንዲሆን። ከመንካቷ በፊትም በኋላም እጇን ትታጠብ፤ ጠረን በሌለው ሳሙና ቢሆን ይመረጣል፣ አይጧ ሰውን የምትለየው በጠረኑ ነውና። ኬጁን ከቴሌቪዥን አጠገብ ያርቁት፤ አይጦች እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ ይሰማሉ፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩትም በዚያው ነው።

ደብዳቤዎ ላይ «አንዲት» የሚለው ቃል አሳስቦኛል። ሴት አይጥ ብቻዋን መኖር ይከብዳታል። ጓደኛ ያላት ፈሪ አይጥ ጓደኛዋ ወደ እጅ ስትሄድ እያየች ትደፍራለች። ሌላ ሴት ካመጡላት የቀድሞዋ «ቤቴ ነው» ብላ እንዳትጣላ፣ ሁለቱንም በደንብ በታጠበና ለሁለቱም አዲስ በሆነ ቦታ ያገናኟቸው።

ልጅዎን ግን ዛሬውኑ ያነጋግሯት። አይጧ አልጠላቻትም፤ ገና አላወቀቻትም። በሳምንት ውስጥ ለውጥ ላይታይ ይችላል፤ ልጅቷ ይህን ቀድማ ብትሰማ ይሻላል። ትዕግሥቷ ሲያልቅ እርስዎ አጠገቧ ይቀመጡ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ብቻዋን እንድትወጣው መጠበቅ አይገባም።

ሽታው

ሦስት ሰዎች ስለ ሽታ ጠይቀዋል፤ አንዷ ኬጁ ላይ ሽቶ መርጨት ጀምራለች። አቁሚ! ሽቶው ሳንባቸውን ይጎዳል። የሚሸኑበትን ጥግ በየቀኑ አንሺ፣ አብዛኛውን ጉዝጓዝ በየሳምንቱ ቀይሪ፣ ከንጹሑ የድሮ ጎጇቸው ግን ጥቂት አስቀሪላቸው። ሁሉም ነገር ሲታጠብባቸው፣ በተለይ ወንዶቹ፣ የራሳቸውን ጠረን ለመመለስ ይበልጥ ይሸናሉ። ጠረኑ የሚከረፋ የጥድ ሰጋቱራም አይሁን፤ የተቆራረጠ ወረቀት ይሻላል። ሲተነፍሱ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማሽ ግን የጽዳት ጉዳይ ስላልሆነ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጃቸው። አይጥ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ሲታይባት ብዙ ጊዜ ቆይቶባታል።

የአንደኛዋ ጢም ጠፋ

ጓደኛዋ ነቅላው ነው። አንዳንዷ አይጥ የሌሎቹን ጢምና ፀጉር መንቀል ታበዛለች። ቁስል ወይም እከክ ካለ ለሐኪም ያሳዩ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ አይጦቹ ይውጡ?

የባለቤቷ አይጦች ናቸው። አማቷ «ጣሉልኝ» ይላሉ፣ ባለቤቷ «ምንም አያመጡም» ይላል። በዚያ ላይ ወጥ ቤት ውስጥ የዱር አይጥ ታይቷል።

እህቴ፣ እዚህ ላይ አልለሳለስም። ሐኪሞች ባጭሩ ኤልሲኤምቪ የሚሉት ቫይረስ አለ። ዋናው ተሸካሚው ሳይጋበዝ ቤት የሚገባው አይጥ ነው፤ ለማዶቹም ከእሱ ጋር ከተነካኩ ሊይዛቸው ይችላል። ወደ ሰው የሚሄደው በሽንት፣ በኩስና በምራቅ ነው። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፤ በእርግዝና ጊዜ ከያዘ ግን ፅንስ ሊያስወርድ፣ የሕፃኑን አንጎልና ዓይንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ እስክትወልጂ ኬጅ አታጽጂ፣ አይጦቹንም አትንኪ። ወዳጅ ቤት ቢቆዩ ጥሩ ነው፤ ካልተቻለ አንቺ የማትገቢበት ክፍል ይሁኑ። የወጥ ቤቱን ኩስ ባለቤትሽ ያንሳው፤ በደረቁ ሳይጠርግ፣ ጓንት አድርጎ በውኃ በተበረዘ በረኪና አርሶ።

እና ለሐኪምሽ ንገሪ። ለእንስሳት ሐኪም አይደለም፤ እርግዝናሽን ለሚከታተለው። ቀጠሮሽ ሩቅ ከሆነ ደውዪ። ትኩሳት ወይም ራስ ምታት ካለሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ፤ አይጥ ቤት ውስጥ እንዳለም ሳይጠይቁሽ አንቺው ተናገሪ። አማትሽና ባለቤትሽ በዚህ መከራከራቸውን ይተዉ፤ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

የአሥራ ሁለት ዓመት አንባቢ

አይጡ በሁለት ዓመት ተኩሏ ሞተች። ወላጆቹ የአምስት ዓመት ወንድሙ እንዳያዝን ተመሳሳይ ቀለም ያላት አምጥተው ሊተኩ ነው። «መዋሸት አልፈልግም» ይላል።

ልክ ነህ። እናትና አባትህ ወንድምህን ከሐዘን ሊያድኑት ብለው ነው፤ አትቆጣቸው፣ ይህን ግን አስነብባቸው። ትንሹ ልጅ አዲሷ እንግዳ መሆኗን በአንድ ምሽት ያውቃል፤ የቀድሞዋ እጁን ትለምድ ነበርና። «ተኛች» አትበሉት፣ መኝታ ሊያስፈራው ይችላል። «ሞተች» በሉት፤ አይጥ የምትኖረው ሁለት ዓመት ገደማ እንደሆነና እሱ ያጠፋው ነገር እንደሌለ ንገሩት። ቢያለቅስ ይልቀስ። አንተም እንደዚያው። ሁለት ዓመት ተኩል መኖሯ በደንብ እንደያዝካት ያሳያል።

«እኛ እናጸዳለን» ብለው ነበር

አንዲት እናት ልጆቻቸው ቃላቸውን በሁለተኛው ሳምንት እንደረሱ ጽፈው፣ ለመቅጣት ሲሉ ጽዳቱን ትተውታል። ልጆቹን በሌላ መንገድ ይቅጡ፤ አሁን እየተቀጡ ያሉት አይጦቹ ናቸው። ልጅ ቢጠይቅም ቤት ያስገባቸው አዋቂ ነው፣ ኃላፊነቱም የእርስዎ ነው። ለልጆቹ አንድ አንድ ትንሽ ሥራ ይስጧቸው፤ አንዱ ምግብ፣ አንዱ ውኃ። እርስዎ ደግሞ ማታ ማታ የውኃውን ጠርሙስ ጫፍ በጣትዎ ይንኩት። ጠብ ካላለ ተደፍኗል፤ ጠርሙሱ ሙሉ ቢመስልም አይጦቹ ተጠምተዋል።