ጤፉ ቢጫ የሆነው፣ ማሽላው ጠርዙ የተቃጠለው ማዳበሪያ አንሶት ነው? (ለቦርከና ዳሩ ጥያቄ መልስ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄው ላመለጣችሁ ባጭሩ ላስታውስ። ኮምቦልቻ አካባቢ ያሉ ወንድማችን ሁለት ማሳ አላቸው። ታችኛው ቦርከና ወንዝ ዳር ያለ ሜዳማ ዋልካ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ነው፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ የተዘራው ጤፍ ደህና አድርጎ በቅሎ ነሐሴ ሲጋመስ ቢጫ ይሆናል፣ ዩሪያ ቢደግሙለትም ያው ነው። ላይኛው ድንጋያማ ተዳፋት ነው፤ ማሽላው ዝናብ ሲቋረጥ የታች ቅጠሎቹ ጠርዝ ጠርዙን ይቃጠላሉ። «የማዳበሪያ ዓይነት እንቀይር? ፖታሽ (የፖታሲየም ማዳበሪያ) እንጨምር?» ብለው ጠይቀዋል።

ወንድሜ፣ ገና ምንም አይቀይሩ፤ ተጨማሪ ማዳበሪያም አይግዙ። በጻፉት ምልክት ስገምት በሁለቱም ማሳ ላይ ችግሩ የሚጀምረው ከውሃው ነው። ታች ውሃ በዝቶ ሥሩ አየር አጥቷል፣ ላይ ውሃ አንሶ ምግቡ ወደ ሥሩ መድረስ አልቻለም። ውሃው ሳይስተካከል የሚጨመር ማዳበሪያ ገንዘብ መበተን ነው።

ከዋልካው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ አየር የሚተላለፍባቸው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ውሃ ከተኛበት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በአፈሩ ያለው ኦክስጅን ያልቃል። ሥር ምግብ የሚስበው ኃይል አውጥቶ ነው፣ ኃይሉን የሚያገኘው ደግሞ በመተንፈስ ነው፤ አየር ሲያጣ ዙሪያውን ናይትሮጅን ቢከበውም አይስብም። ከዚያ የባሰው ነገር ቀጥሎ ይመጣል። ኦክስጅን ያጡ ባክቴሪያዎች በናይትሬት (ሥር በሚስበው የናይትሮጅን ዓይነት) ውስጥ ያለውን ኦክስጅን መጠቀም ይጀምራሉ፤ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። በረግረጉ ላይ የደገሙት ዩሪያም መጀመሪያ ወደ አሞኒየም ይለወጣል፤ ዋልካ ብዙውን ጊዜ ፒኤቹ (የአፈር ኮምጣጣነት መለኪያው) ከ7 በላይ፣ ማለትም ኮምጣጣ ያልሆነ ስለሆነ ላይ ላዩን የተበተነው ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፣ የቀረው ወደ ናይትሬት ሲለወጥ የባክቴሪያዎቹ ሲሳይ ይሆናል። ዩሪያ ጨምረው ለውጥ ያጡት ለዚህ ነው።

ይህን በራስዎ ዓይን ማረጋገጥ ይችላሉ። ቢጫ ከሆነው ቦታ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ውሃው ከላይ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ከሞላ ሥሩ ውሃ ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ አንድ ተክል ከነአፈሩ በአካፋ ያንሡና ሥሩን በውሃ ይጠቡት። ነጭ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ታፍኗል። ቢጫነቱ የትኛው ቅጠል ላይ እንደሆነም ይዩ። የናይትሮጅን እጥረት ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ይጀምራል፤ ምክንያቱም ተክሉ ከአሮጌው ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል። ሰልፈርና ብረት ግን እንደዚያ ስለማይዘዋወሩ እጥረታቸው ከላይ፣ ለጋው ቅጠል ላይ ነው የሚታየው። ለጋው ቅጠል ላይ ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሐል መሐሉ ከነጣ ብረትን ይጠርጥሩ፤ ለጋው ቅጠል በሙሉ ከደበዘዘ ደግሞ ሰልፈርን።

መፍትሔው ማጠንፈፍ ነው። አባቶቻችን የሚያወጡት ፈሰስ (ውሃ ከማሳ የሚያወጣ ትልም) ጥሩ ነው፤ ጉድለቱ ግን ፈሰሶቹ ስለሚራራቁ በመካከላቸው ያለው ሰፊ መሬት ሳይጠነፍፍ መቅረቱ ነው። ለዋልካ የሚመከረው 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ማፈራረቅ ነው፤ ከቦይ መሐል እስከ ቦይ መሐል 1 ሜትር ከ20 ይሆናል፣ የቦዩ ጥልቀት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል። በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ መሣሪያ ካላገኙ በማረሻ ትልሙን አውጥቶ በአካፋና በእጅ ማስተካከል ይቻላል፤ አንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) መሬት ላይ የሰው ጉልበት ይበላል፣ ግን ያዋጣል። ቦዩ በ100 ሜትር ርዝመት ከ40 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። ከዚህ ካነሰ ውሃው ይቆማል፤ ከበዛ አፈሩን ይዞ ይሄዳል።

እባክዎ መውጫውን አስቀድመው ያስቡበት። የሁሉም ቦይ ውሃ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ባዶ አፈር ላይ ከወደቀ በአንድ ክረምት ቦረቦር ይከፍታል፤ ጎረቤት ማሳ ላይ ከወደቀ ደግሞ ጠብ ያመጣል። ሣር የበቀለበት መውረጃ ይተዉ፣ ከጎረቤት ጋር ከዘር በፊት ይነጋገሩ። መደቡን ማውጣት ያለብዎት ከዘር በፊት ነው። ዘንድሮ ዘርተው ከሆነ በየ3 ወይም 4 ሜትሩ ጠባብ ፈሰስ ይክፈቱ። ጥቂት ጤፍ ይበላሻል፣ የቀረው ይድናል።

ዩሪያውስ መቼ? ውሃው ወርዶ አፈሩ ሲረገጥ የማያሰምጥ፣ ግን እርጥብ ሲሆን። ለሒሳቡ፦ በሄክታር 100 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) እና 100 ኪሎ ዩሪያ ማለት 65 ኪሎ ናይትሮጅን (19 ከኤንፒኤሱ፣ 46 ከዩሪያው)፣ 38 ኪሎ ፎስፌትና 7 ኪሎ ሰልፈር ነው። ሩብ ሄክታር ለሆነ ጥማድ ከእያንዳንዱ 25 ኪሎ ማለት ነው። ኤንፒኤሱን በዘር ጊዜ፣ ከዩሪያው ሲሶውን ቡቃያው ከተያዘ በኋላ፣ ሁለቱን እጅ ከ30 እስከ 35 ቀን ላይ፣ ግንዱ መርዘም ሳይጀምር። ሁሉንም በአንድ ጊዜ በዋልካ ላይ መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው፤ አንድ ከባድ ሳምንት መጥቶ ሁሉንም ይወስደዋል። ጤፉ ራሱን ሊያወጣ ሲያብጥ የሚሰጥ ዩሪያ ደግሞ ፍሬ አይሆንም፤ ግንዱን አለስልሶ ያስተኛዋል።

«ዩሪያ በጥብጠን እንርጨው» የሚሉ ስላሉ አንድ ነገር ልበል። 2 ከመቶ ማለት 20 ሊትር ውሃ ውስጥ 400 ግራም ነው። በሄክታር 200 ሊትር ከረጩ የሰጡት 4 ኪሎ ዩሪያ፣ ማለትም 2 ኪሎ የማይሞላ ናይትሮጅን ነው። ሥሩ እስኪያገግም ለጥቂት ቀን መደገፊያ ይሆናል እንጂ ማዳበሪያ አይተካም። ከረጩም ጠዋት በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ሞክረው ሁለት ቀን ቅጠሉ አለመቃጠሉን አይተው።

ከማንም ምክር የሚበልጠው ግን በራስ ማሳ ላይ መሞከር ነው። ቢጫ በሆነው ቦታ አራት ካሬ ያውጡ፣ እያንዳንዱ 5 ሜትር በ5 ሜትር። አንዱን ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው ያጠንፍፉ፣ ዩሪያ አይስጡት። ሁለተኛውን ሳያጠነፍፉ ዩሪያ ብቻ ይስጡት። ሦስተኛውን ሁለቱንም፣ አራተኛውን ምንም። በሄክታር 100 ኪሎ ማለት በካሬ ሜትር 10 ግራም ስለሆነ ለአንዱ ካሬ 250 ግራም ይበቃል። ከ7 እስከ 10 ቀን ቆይተው አዲስ የወጣውን ቅጠል ያወዳድሩ፤ አሮጌው ቢጫ ቅጠል ላይመለስ ይችላል፣ እሱን አይዩ። የተጠነፈፈው ያለ ዩሪያ ከለመለመ መልሱን አገኙ። ሁለቱንም ያገኘው ብቻ ከለመለመ ናይትሮጅኑም አልቋል ማለት ነው፤ ያኔ ዩሪያው ይገባዋል።

ወደ ማሽላው እንውጣ። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። የደሴና የኮምቦልቻ ተዳፋት አፈር ብዙ ቦታ ላይ ስስ ነው፤ ታጥቦ የቀረው ከድንጋይ በላይ ጥቂት ስንዝር ብቻ ስለሆነ የሚይዘው ውሃ ትንሽ ነው። ናይትሬት ውሃው ሲሳብ አብሮ እየፈሰሰ ወደ ሥር ይመጣል። ፎስፈረስና ፖታሲየም ግን በአፈር ቅንጣት ዙሪያ ባለው ስስ የውሃ ሽፋን ውስጥ ቀስ እያሉ ነው የሚጓዙት፤ ፎስፈረስ በአንድ ወቅት የሚሄደው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። አፈሩ ሲደርቅ ያ የውሃ መንገድ ይቆረጣል። ስለዚህ አፈሩ ውስጥ ፖታሲየም በቂ ሆኖ እንኳ ቅጠሉ ጠርዙ ሊቃጠል ይችላል። ፖታሲየም ደግሞ ቅጠል ቀዳዳዎቹን ከፍቶ የሚዘጋበት ንጥረ ነገር ስለሆነ በድርቅ ወቅት ይበልጥ ይፈለጋል፤ ተክሉ በጣም ሲፈልገው ነው የሚያጣው።

መለያው ይህ ነው፦ ዝናብ ከተመለሰ በኋላ የሚወጡት ቅጠሎች ንጹሕ ሆነው ከወጡና ከዚያ በኋላ መቃጠሉ ወደ ላይ ካልቀጠለ፣ ጉድለቱ የውሃ ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖም ከታች ወደ ላይ መቃጠሉ ከቀጠለ ፖታሽ መሞከር ተገቢ ነው፤ እሱንም ቢሆን በ25 ካሬ ሜትር ላይ 250 ግራም፣ ዘር ሲዘሩ። ሙሉ ማሳ ላይ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከማሽላው ሥር አቀንጭራ (ሥር ላይ ተጣብቆ ምግብ የሚመጥ አረም) መኖሩን ይመርምሩ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ማሽላው ከጠወለገና ካጠረ፣ ቀጫጫ ሐምራዊ አበባ ያለው አረም ከግርጌው ባይታይም እንኳ ቆፍረው ሥሩን ይዩ፤ አቀንጭራ ከመሬት ሳይወጣ ነው ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው፣ ምልክቱም ድርቅንና የምግብ እጥረትን ይመስላል። ካለ አበባ ሳያወጣ ይነቀል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ቦታው ማሾ ወይም ሌላ ጥራጥሬ ቢያርፍበት ይሻላል።

ውሃውን ለመያዝ ትልሙ ተዳፋቱን አቋርጦ ይሂድ፣ ሽልሻሎ (በሰብሉ መካከል የሚደረግ እርሻ) ሲደረግ ደግሞ ቦዩ በየ3 ሜትሩ ገደማ በአፈር ይታሰር። ማሰሪያው ከትልሙ ጀርባ ዝቅ ይበል፤ እኩል ከሆነ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ትልሙን ጥሶ ቁልቁል ይወርዳል፣ የታቹንም እየናደ። ይህን ዋልካው ላይ ፈጽሞ አያድርጉ። ታች ውሃ ማስወጣት፣ ላይ ውሃ ማሰር ነው፤ የሁለቱን ማሳ ምክር ማደባለቅ ሰብል ያስጠፋል።

ለማሽላው ኤንፒኤሱ በመስመር፣ ከዘሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ወይም ከሥሩ ወርዶ፣ በመሐል አፈር ተደርጎ ይቀበር። በደረቅ አፈር ውስጥ ማዳበሪያ ዘሩን ከነካው ጨው ሆኖ ያቃጥለዋል፤ ዩሪያ ከዘር ጋር ማድረግማ ጨርሶ አይሞከርም። በ75 ሳንቲ ሜትር መስመር አንድ ጥማድ ላይ ያለው የመስመር ርዝመት 3,300 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 25 ኪሎ ማለት በአንድ ሜትር 7 ግራም ተኩል ነው። በቆርኪ የሚለኩ ከሆነ 100 ቆርኪ ሙሉ መዝነው ለ100 ያካፍሉ፤ በግምት የሚደረገው ብዙ ጊዜ የመስመሩ መጀመሪያ ላይ በዝቶ መጨረሻው ላይ ያልቃል። ዩሪያው ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ግማሽ ኩንታል በሄክታር ሒሳብ ይበቃዋል። ከመስጠትዎ በፊት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር አውጥተው በጭብጥዎ ይጨብጡት። ኳስ ሆኖ ከያዘ ይስጡና አፈር ያልብሱት። ከተበተነ ይተዉት። ዝናቡ ካልተመለሰ ከረጢቱን አጥብቀው አስረው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ለከርሞ ያስቀምጡ። በደረቅ አፈር ላይ ዩሪያ ተሰጥቶት ቅጠሉን ያሰፋ ማሽላ ያለውን ውሃ ቶሎ ጨርሶ ፍሬ ሳይሞላ ይደርቃል።

ፍግና ኮምፖስት ላይኛው ማሳ ላይ ቅድሚያ ይስጧቸው፤ የውሃ መያዝ አቅም የሚጨምሩት እዚያ ነው። የበሰለ ይሁን። ያልበሰለ ገለባ የበዛበት ፍግ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ለራሱ ይይዛል፤ ዋልካው ላይ ደግሞ የቀረውን አየር ይጨርሳል። ፍጉ ለኩበት፣ አገዳው ለከብት እንደሚፈለግ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጥቂቱን ማሳው ሁሉ ላይ ከመበተን መስመሩ ውስጥ ማድረጉ ይሻላል።

ደሴ ዙሪያ ያላችሁ ደግሞ ገብስ በብርድ ሰሞን ሐምራዊ ሲሆን «ፎስፈረስ አነሰው» ብላችሁ አትቸኩሉ። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ፎስፈረስ መሳብ ይከብደዋል፤ ሙቀት ሲመጣ አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ከሆነ አልፏል።

አፈር ለማስመርመር ሁለቱን ማሳ ለየብቻ፣ ከእያንዳንዱ በዚግዛግ እየሄዱ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ ከ0 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይውሰዱ። የፍግ ክምር የነበረበትን፣ የዛፍ ሥርና የማሳ ዳር ይተዉ። በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅለው ግማሽ ኪሎ ያህል ጥላ ላይ ያድርቁ፣ ከረጢቱ ላይ የማሳውን ስምና ቀኑን ይጻፉ። ማዳበሪያ ይዞ የነበረ ከረጢት አይጠቀሙ፤ ውጤቱን ያበላሻል። ፒኤች፣ ኦርጋኒክ ካርበን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ጨዋማነት እንዲታይ ይጠይቁ። ፒኤቹ ከፍ ላለ አፈር ፎስፈረሱ ለእንዲህ ያለ አፈር በሚስማማው የላቦራቶሪ መለኪያ፣ በኦልሰን ዘዴ ይለካ። በበጋ ከቦርከና ውሃ እየሳቡ አትክልት የሚያመርቱ ከሆነ የውሃውም ናሙና አብሮ ይሂድ፤ ከከተማና ከፋብሪካ በታች የሚሳብ ውሃ ላይ ጨዋማነቱንና ከባድ ብረቶችን ሳያዩ ስለ ማዳበሪያ መወሰን አይቻልም።

እስከዚያው ሦስት ነገር ይላኩልን፦ ቢጫ የሆነው ቅጠል ከላይ ነው ከታች፣ የታጠበ ሥር ፎቶ፣ እና ጉድጓዱ ውስጥ ውሃው የቆመበት ልክ።